በእንዶድ የታጠበው አሸዋ

ባለፈው ሳምንት የልጄ ቤት ሠራተኛ ለበዓል ነጠላ ልታጥብ ከገበያ እንዶድ ገዝታ መጣች። እዚህ ባህር ዳር፣ ሳሙናው በየዓይነቱ በየሱቁ ተደርድሮ ሳለ፣ እንዶድ! የገጠር ልጅ ስለሆነች ነጭ ልብስ በእንዶድ ካልታጠበ አይነጣም ባይ ናት። ወቀጠችው፣ ዘፈዘፈችው፤ አረፋው ሲነሳ ያ አፍንጫ የሚቆነጥጥ ሽታ እስከ መኝታ ክፍሌ ድረስ መጣ። እኔ ተነስቼ "ከቧንቧው አርቂው! ከቧንቧው አርቂው!" እያልኩ ስጮህ ልጄ ደንግጣ ሮጠች። "እማዬ፣ ምን ሆንሽ? ልብስ እኮ ነው የምታጥበው" አለችኝ። ልብስ መሆኑ መች ጠፋኝ። ልቤ ግን ከሃምሳ ዓመት በላይ ወደ ኋላ ተመልሶ ወረታ ደርሷል።

የዚያን ጊዜዋ ወረታ እንደ ዛሬው ባጃጅ የሚተራመስባት፣ የሩዝ መፈልፈያ የሚንጫጫባት ከተማ አልነበረችም። ወደ ጎንደር የሚያልፈው የጭነት መኪና አቧራውን አልብሶን ይሄዳል፤ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ሁለት ረድፍ ቆርቆሮ ቤት፣ ከኋላው ሣር ቤት፣ ከዚያ ወዲያ ዓይን የማይጨርሰው የፎገራ ሜዳ ነው። ስሙኒ ይዛ ገበያ የወጣች ሴት በርበሬዋንም ጨውዋንም ሸምታ ለልጆቿ ሸንኮራ ጨምራ ትመለሳለች። አዲስ አቡጀዲ የለበሰች እንደሆነ ከገበያው ጫፍ እስከ ጫፍ "ይመችሽ! እላይሽ ላይ ይለቅ!" እየተባለች ታልፋለች። ሸራ ጫማ የገዛ ጎረምሳ ጭቃ ሲያይ ጫማውን አውልቆ በብብቱ ይዞ ይሻገር ነበር፤ እግር ይታጠባል፣ ጫማ ግን ያረጃል። እኔም ያኔ ወጣት ነበርኩ፣ ቀጭን፣ ቁጡ፣ ምላሴ የማያርፍ። አንጓች የቄሱ ልጅ ይሉኝ ነበር። አባቴ የከተማው ቤተ ክርስቲያን ቄስ ስለነበሩ ዳዊት አስደግመውኛል፤ ሴት ልጅ ማንበብ ምን ያደርግላታል ያሏቸውን አልሰሙም።

ውሃችን ግን ውሃ አልነበረም። ክረምት ሲሆን ወንዞቹ ርብና ጉማራ ከመኝታቸው ወጥተው ሜዳውን ይሞሉታል። ቁሐር ሚካኤል ያሉ ዘመዶቻችን ከብታቸውን ወደ ከፍታ ያወጣሉ፤ አገሩ ሁሉ ባህር ሆኖ የሚጠጣ ጠብታ ይጠፋል። በጋ ሲሆን ደግሞ ከኮረብታው የሚወርደው ጅረት ይሳሳና ከላይ ከብት ይጠጣበታል፣ ከታች እኛ እንቀዳለን። በነጠላ ጫፍ አጥልለን ስንጠጣ ንጹሕ የጠጣን ይመስለን ነበር። የመጀመሪያ ልጄን ያጣሁት በዚያ ዘመን ነው። ዓመት ከመንፈቁ ነበር፤ መራመድ ጀምሮ ዶሮ ማባረር የሚወድ። ረቡዕ ዕለት አስቀመጠው፣ ዓርብ ቀበርነው። አንዱ ምች ነው አለኝ፣ አንዷ የሰው ዓይን ነው አለችኝ፤ ውሃው ነው ያለኝ ሰው ግን አልነበረም።

የውሃ ማጣሪያው የመጣው ከዚያ ወዲህ ነው። መንገድ ሊሠሩ የመጡ ሰዎች ለራሳቸው የጀመሩትን ለከተማው ጨርሰው ሄዱ መሰለኝ፤ ማን እንዳዘዘና ማን ገንዘቡን እንዳወጣ ያኔም አላወቅኩም፣ ዛሬም አላውቅም። ከከተማው በላይ፣ ከጅረቱ አጠገብ፣ ጎን ለጎን ሁለት የሲሚንቶ ገንዳ ቆፈሩ። ከሥር ጠጠር፣ ከላይ ደግሞ በአህያ ከርብ የተመላለሰ አሸዋ ሞሉበት። የጅረቱ ውሃ አሸዋው ላይ ይተኛል፣ ቀስ ብሎ ወደ ታች ይሰርጋል፣ ከዚያ ወደ ማጠራቀሚያው፣ ከማጠራቀሚያውም በቧንቧ ወደ ሁለቱ ቦኖዎች ይሄዳል። አንደኛው ቦኖ ገበያው ዳር ነበር፣ ሁለተኛው ወደ ቤተ ክርስቲያን መውጫው ላይ። ውሃው የተከፈተ ዕለት አንድ አዝማሪ ከወደ ደራ መጥቶ ሴቶቹን ሲያስቃቸው ዋለ፦

እንስራሽን ስቀይው ወገብሽ ይረፍ፣
ውሃ በእግሩ መጣ ቦኖ ሊሰለፍ።

ባለቤቴ ይርጋ በግንባታው ድንጋይ ሲያመላልስ የቆየ ሰው ነው። ማንበብና መጻፍ ስለሚችልና ስለማይቀጥፍ የማጣሪያው ጠባቂ አድርገው አስቀሩት፤ ቤታችንም እዚያው ከገንዳዎቹ ጎን ሆነ። መሐንዲሱ፣ ካኪ ቁምጣ የሚለብስ የሸዋ ልጅ፣ ከመሄዱ በፊት ሦስት ቀን ሙሉ እያዞረ አስተማረው። ከሦስቱ ቀን ትምህርት ይርጋ ጠዋት ማታ የሚደግመው አንድ ነገር ነበር። አሸዋው ላይ እየዋለ ሲያድር አረንጓዴ፣ ዝልግልግ ያለ ስስ ቆዳ ይበቅላል። ያ ቆዳ አይነካም። በጣም ሲወፍርና ውሃው አልሰርግ ሲል ብቻ ይርጋ አንዱን ገንዳ ያፈስና በጠፍጣፋ አካፋ የጣት ውፍረት ያህል ይገፈዋል፤ ሌላው ገንዳ ግን ሥራውን አያቆምም። የተገፈፈው ገንዳም አዲስ ቆዳ እስኪያበቅል ድረስ ውሃው ወደ ሜዳ ይደፋል እንጂ ወደ ሰው አይሄድም።

እኔ እንግዲህ ቤቴ ውስጥ የአመድ ብናኝ ካየሁ እህል የማይበላልኝ ሴት ነኝ። "ይርጋ፣ ሰው የሚጠጣውን ውሃ በዚህ በሚያቅለሸልሽ ነገር ላይ ታሳልፈዋለህ?" እለዋለሁ።

"አንጓች፣ የሚያጣራው እሱው ነው። መሐንዲሱ ሕይወት አለው ነው ያለኝ። አሸዋውማ ምንጣፉ ነው" ይለኛል።

"አይ ይርጋ! ቆሻሻውን ሠራተኛ ቀጥረህ አንተ ልትተኛ!" ብዬ እስቅበታለሁ። እሱም ይስቃል። ነገሩን እንደ ሰነፍ ሰው ሰበብ ነበር የምቆጥረው። ግን ውሃው ከተከፈተ ወዲህ በሰፈራችን በተቅማጥ የተቀበረ ሕፃን አልነበረም፤ እሱን ቆጥሬዋለሁ። ልጅ የቀበረች ሴት እንዲህ ያለውን ሳትቆጥር አታድርም። ቆጥሬ ሳበቃ ግን ምስጋናውን ለሲሚንቶውና ለነጩ አሸዋ ሰጠሁት።

አንድ ዓመት ጥምቀት ሲቃረብ ጅረቱ ከወትሮው ቀደም ብሎ ሳሳና ታቦት የሚወርድበት ቦታ ጭቃ ብቻ ሆነ። ሽማግሌዎቹ መክረው ታቦቱ ከማጣሪያው በታች ያለው ሜዳ ላይ እንዲያድርና ውሃውም ከማጣሪያው ተቀድቶ እንዲባረክ ወሰኑ። አባቴ ራሳቸው መጥተው "ልጄ፣ ደጃችሁ ታቦት ሊያድር ነው" ሲሉኝ መሬት ስሜ እልል አልኩ። ይርጋ ግን በዚያው ሳምንት የሚያፈስ መዝጊያ ነበርና ጎማውን ሊያመጣ ባህር ዳር መሄድ ነበረበት። ጥር ዘጠኝ ቀን እመለሳለሁ አለኝ፤ በር ላይ ቆሞም "አሸዋውን ማንም እንዳይነካው" አለ። እሺ አልኩ። እሱን እሺ ብዬ ገንዳውን ዞሬ ሳየው ግን ዝልግልጉ አረንጓዴ ነገር ዓይኔ ላይ መጣብኝ። ቀሳውስቱ ያንን ሊያዩ ነው። ታቦት እዚያ ፊት ሊቆም ነው። ሴት ያለችበት ቤት አይመስልም ሊሉኝ ነው።

ጥር ስምንት ቀን ጠዋት አሥራ ሁለት ሴት ሰብስቤ ወጣሁ። ጎረቤቴ ውዴ ሳልጠራት መጣች፤ ሁለት ወር ያለፋትን ልጇን ታቅፋ። ውዴ ሴት ልጅ ስለወለደች ሰማንያ ቀን ሳይሞላት ቤተ ክርስቲያን መግባት አይፈቀድላትም፤ ልጅቱም ክርስትና አልተነሳችም። "ተይ እንጅ ውዴ፣ ገና አራስ ነሽ" ብላት፣ "ደጀ ሰላሙን መርገጥ ካልቻልሁ የታቦቱን ማደሪያ እንኳ ላጥብ! ይኼንም ልትከለክይኝ ነው?" አለችኝ። ልጅቱን ጥላ ሥር አስተኛቻትና ቀሚሷን ሰብስባ ገባች። ይርጋ መዝጊያውን ሲያዞር አይቼው ስለነበር ሁለቱንም ገንዳ አፈሰስኩ። ቆዳውን ፍቀን ጣልን። ከዚያ የበዓል ልብስ በምን ይታጠባል? ከየቤታችን እንዶድ አምጥተን ወቅጠን አሸዋውን እንደ ነጠላ በእንዶድ አሸነው፤ እየዘፈንን በእግራችን ረገጥነው፣ አረፋው እስኪጠፋ በውሃ አለቀለቅነው። ቀትር ላይ ስንጨርስ ገንዳው ውስጥ የተኛው አሸዋ ነጭ ነበር፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን ይወጋል። ውሃውን መልሼ ከፈትኩ። ውዴ በቅል ቀድታ ወደ ሰማይ አነሳችና "ኧረ እንዴት ይጠራል! ስንት ጊዜ ቆሻሻ ስንጠጣ ኑረናል እናንተ!" አለች። ሁላችንም እንስራችንን ሞልተን ወደየቤታችን ሄድን፤ ቦኖው ላይም ለበዓሉ ሰልፉ ረዘመ።

ይርጋ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ደረሰ። ገና ከመኪና ሲወርድ ጠብቄ፣ ሊያመሰግነኝ ነው ብዬ፣ ወደ ገንዳው ወሰድኩት። ጎንበስ አለ። ውሃው ውስጥ እጁን ሰዶ አንድ ጭብጥ አሸዋ አወጣና አሸተተው።

"እንዶድ ነው?"

"እንዶድ ነዋ!" አልኩት በኩራት።

"አንደኛውን ብቻ ነው አይደል? አንዱን ትታችኋል አይደል?"

"ምን ብየ እተወዋለሁ? ሁለቱንም ነው እንጅ።"

ቀና ብሎ አየኝ። ያን አስተያየቱን ዛሬም አልወደውም። ቁጣ ቢሆን ኖሮ እመልስለት ነበር፤ ፍርሃት ነበር። "ከመቸ ጀምሮ ነው የከፈትሽው?" አለኝ።

"ከትናንት ቀትር።"

"አንጓች፣ ከትናንት ጀምሮ ሰው የጠጣው ጅረቱን ነው። ከብት የቆመበትን ጅረት ነው" አለና ወደ መዝጊያው ሮጠ። እኔ ቆሜ ቀረሁ። የቀበርኩት ልጄ ዶሮ ሲያባርር ታየኝ። በእጄ፣ በገዛ እጄ፣ በየሰው ቤት ያንን ረቡዕ መልሼ አስገብቼዋለሁ።

የማደርገው ቢጠፋኝ ወደ አባቴ ሄድኩ። የቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸውና እግራቸው ላይ ወደቅኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። "ውኃው ከነገ ወዲያ ይባረክ የለም ወይ? የተባረከውን ነው የምትፈሪ?" አሉኝ።

"የሚባረከውንስ አልፈራሁም አባቴ። ትናንት በየእንስራው ገብቶ ያደረውን ነው የፈራሁ።"

"እንግዲያ እኔ ዘንድ ምን አመጣሽ? ያለው በየቤቱ አይደለም? እኔ የድርሻየን እናገራለሁ፤ ውኃው ይረጫል እንጅ አይጠጣም እላለሁ። አንች የድርሻሽን ተናገሪ። ሒጅ።"

ሄድኩ። ያንን ምሽትና የከተራን ጠዋት በር ለበር ዞርኩ። "አሸዋውን ያጠብሁት እኔ ነኝ፤ ከኔ ሌላ ጥፋተኛ የለም። የቀዳችሁትን ድፉት፣ ካልሆነ አፍልታችሁ ጠጡ" እያልኩ። ሰው ልብሱን ተኩሶ፣ ልጁን ላጭቶ ለበዓል ሲዘጋጅ እኔ እንደ መርዶ ነጋሪ በየደጁ እቆማለሁ። አንዳንዱ እያየሁ ደፋው፤ አንዳንዱ ሳቀ። አንዲት ባልቴት "ልጄ፣ አጥበሽ አቆሸሽሁ የሚል ሰው ካንች ሌላ አልሰማሁም፤ ፀሐይ መታሽ እንዴ?" ብለው የቀዱትን ውሃ ፊት ለፊቴ ጠጡት። አይጠጡት ብዬ መቀማት አልችልም። ቤቱን እየቆጠርኩ፣ ያመነኝንና ያላመነኝን በልቤ እየለየሁ ሄድኩ። የውዴን ቤት መጨረሻ ላይ ያደረግኩት ስለራቀኝ አልነበረም፤ አጥር ለአጥር ነን።

ውዴ ስነግራት ልጇን እያጠባች ነበር። መጀመሪያ የገባት አልመሰለኝም። ቀስ ብላ "ሆዷን ነፋት ብየ አብሽ በጥብጨ አጠጥቻታለሁ። ውኃው ጠራ ብየ፣ አላፈላሁትም" አለች። ሁለታችንም ልጅቱን አየናት። ልጅቱ ትስቅ ነበር።

ጥምቀቱ እንዴት እንዳለፈ አላውቅም። ከበሮው ደጄ ላይ ሲመታ፣ ጎረምሶቹ ሲጨፍሩ፣ ሴቶቹ አዲስ ቀሚሳቸውን ሲያወዛውዙ እኔ የማየው ማን ወደ አጥር ጓሮ እንደሄደ፣ የትኛው ልጅ ሆዱን እንደያዘ ነበር። አባቴ እንዳሉት ተናገሩ፤ ውሃው ተረጨ። በሁለተኛው ቀን አራት አምስት ሕፃናት አስቀመጣቸው ተባለ። በበዓል ደግሞ ሰው ብዙ ይበላል፤ ቅባቱ ነው የሚል አለ፣ እንዶዱ ነው የሚል አለ። የማንንም ምክንያት ለማመን ዝግጁ ነበርኩ፤ አንዱም አላሳረፈኝም። እነሱ በሁለት በሦስት ቀን ተሻላቸው። ይርጋ ውሃውን ወደ ሜዳ እየደፋ፣ ከተማው እንደ ድሮው ጅረት እየወረደ፣ እኔን ባየ ቁጥር እያጉረመረመ፣ ያ ቆዳ እስኪበቅል ከአንድ ወር በላይ ፈጀ። በየማለዳው ገንዳው ጫፍ ላይ ተደፍቼ አረንጓዴ ፍለጋ አሸዋው ላይ አፈጥጥ ነበር፤ በእግዚአብሔር ስም ቆሽሽ እያልኩ። ዛሬ የልጅ ልጆቼ የታሸገ ውሃ ገዝተው ግማሹን ጠጥተው ግማሹን ሲጥሉ አያለሁ።

በቃና ዘገሊላ ዕለት የውዴ ልጅ አስቀመጣት። በበነጋው ዓይኗ ጎደጎደ፣ ልቅሶዋ እንደ ድመት ግልገል ቀጠነ፣ ጡት ስትሰጣት አፏን አዙራ ትተኛለች። የከተማው ድሬሰር፣ መርፌ የሚወጋው፣ መጥቶ አየና ትከሻውን ሰበቀ። ያኔ የሁሉም ሰው ጭንቀት አንድ ሆነ፤ ልጅቱ ሰማንያ ቀኗ አልሞላም። ክርስትና ሳትነሳ ብትሞት ቅጽሩ ውስጥ አትቀበርም። ስሟ እንኳ በጸሎት አይጠራም። አባቴ "በሕመም ጊዜ ቀኑ አይጠበቅም፤ ነገ ጠዋት አምጧት" አሉ። ውዴ እምቢ አለች። ቀኗ ሳይደርስ ከተጠመቀችማ ትሞታለች ማለት ነው ብላ እምቢ አለች። ማምሻውን ግን አጥር ተሻግራ መጣች። ከዚያን ቀን ወዲህ ስታናግረኝ የመጀመሪያዋ ነበር። "የክርስትና እናቷ አንች ሁኚ" አለችኝ፤ ሌላ ቃል ሳትጨምር ተመልሳ ገባች።

የክርስትናዋን ውሃ እኔ አፈላሁት። በሕይወቴ እንደዚያ ያፈላሁት ውሃ የለም። ይርጋ አጠገቤ ተቀምጦ እንጨት እየጨመረ ሦስቴ "በቃ እንጅ አንጓች" ቢለኝ ሦስቴም "ቆይ" አልኩት። ማለዳ ቤተ ክርስቲያን አባቴ እጃቸውን የክርስትናው ገንዳ ውስጥ ሲነክሩ ለብ ማለቱን አወቁ፤ ቀና ብለው አዩኝና ጸሎታቸውን ቀጠሉ።

ውዴ ግን እዚያ አልነበረችም። ቀኗ ስላልሞላ ከቅጽሩ በር ውጪ ነው የቆመችው። ልጅቱን እዚያ በሩ ላይ ነበር የሰጠችኝ፤ በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ፣ ለዕድሜዋ እጅግ የቀለለች። ስትሰጠኝ ዓይኔን እያየች "ከዳነችም ልጅሽ ናት፣ ከሞተችም ልጅሽ ናት" አለችኝ። ርግማን ይሁን ምርቃት አልለየሁትም። ይዣት ገባሁ።

አባቴ ሦስት ጊዜ ነከሯት። ሕፃን ሁሉ በዚያ ጊዜ ይጮኻል፤ እሷ አልጮኸችም። ዲያቆኑ ተመለከተኝ፤ እኔ የልጅቱን ደረት ተመለከትኩ። ይነሳል፣ ይወርዳል። ቅብዓ ቅዱሱን ቀቧት፣ ማተቧን አሰሩላት፣ ሥጋ ወደሙን አቀበሏት። በዚያ ሁሉ ድምፅ የለም። ከውጪ ያለችው ውዴ የምትጠብቀው ልቅሶ እንደነበር አውቃለሁ፤ ልቅሶው አልተሰማላትም። ከቤተ መቅደሱ በር እስከ ቅጽሩ በር ያለውን መንገድ ተያያዝኩት። ውዴን ቀና ብዬ ላያት አልደፈርኩም፤ ጨርቁን ብቻ እያየሁ ስሄድ ጨርቁ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ልጅቱ ፊቷን ደረቴ ላይ እያሸች ነው። አፏን ከፍታ ነጠላዬን ያዘች፤ ባዶውን ጨርቅ መጥባት ጀመረች። ካጠባሁ ዓመታት ያለፉኝ ሴት፣ እዚያው መንገዱ ላይ ቆሜ ቀረሁ፤ እጄም አልላላልኝ አለ።

ውዴ ከበሩ ውጪ ሆና እያየችን ነበር። ቀሚሷን ፈታ አድርጋ እጇን ዘረጋች።

"ስጭኝ እንጅ አንጓች" አለች። "ርቧታል።"